«ነጠቃ»፦ ፌሮና ነጭ ቀለም የሚለያዩበት ሥራ

ቤት የሚያሠራ ሰው ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ወደ መርካቶ በሚዘልቀው የንግድ ሰፈር ሲዘዋወር በአንድ ቀን ፌሮም ነጭ ቀለምም ሊሸምት ይችላል። ፌሮው በቤርጋ ተቆጥሮ ይጫናል፤ ቀለሙ በጋሎን ይወሰዳል። አንዱ ኮንክሪት ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፤ ሌላው ግድግዳ ላይ ወጥቶ ይታያል። ሁለቱን የሚያዛምዳቸው ነገር ያለ አይመስልም። ይሁንና ለቀለሙ ንጣት የሚሰጠው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለ ዱቄት ነው። የዚህ ዱቄት ዋና ምንጭ ደግሞ ኢልሜናይት የሚባል ጥቁር ማዕድን ሲሆን፣ ከክብደቱ 37 በመቶ ያህሉ ብረት ነው፤ የቀረውን ታይታኒየምና ኦክስጅን እኩል ሊባል በሚችል መጠን ይካፈሉታል።

ኢልሜናይትን ፈጭቶና አጥቦ ብረቱን ለብቻ፣ ታይታኒየሙን ለብቻ ማስቀመጥ አይቻልም። ሁለቱም ከኦክስጅን ጋር በአቶም ደረጃ ተሳስረዋል። ከሚለያቸው መንገዶች አንዱ እሳት ነው፤ እሳት ብቻውን ግን አይበቃም። ከእሳቱ ጋር ኦክስጅኑን የሚወስድ ሌላ አካል መግባት አለበት። በኬሚስትሪ መጻሕፍት ይህ ሥራ «ሪዳክሽን» እየተባለ ይጠራል። እዚህ የሚቀርበው የአማርኛ ስያሜ «ነጠቃ» ነው።

ነጠቃ፦ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ በማዕድን መልክ ያለን ብረት ነክ ነገር፣ ኦክስጅኑን በሌላ አካል በማስወሰድ ወደ ንጹሕ ብረትነት መመለስ። ኦክስጅኑን የሚወስደው «ነጣቂ»፣ የሚወሰድበት «ተነጣቂ» ይባላል።

ለሪዳክሽን በቅድሚያ አፍ ላይ የሚመጣው ትርጉም «ቅነሳ» ነው። ይሁን እንጂ ቅነሳ በአማርኛ የሒሳብ፣ የዋጋና የሠራተኛ ነገር ሆኖ ኖሯል። «የብረት ኦክሳይድ ቅነሳ» የሚል ርዕስ ያየ አንባቢ የአንድ ነገር መጠን አነሰ ብሎ ይረዳል፤ ማን ከማን ምን እንደወሰደ አይታየውም። ነጠቃ ግን ሦስቱንም፣ ወሳጁን፣ የሚወሰድበትንና የሚወሰደውን፣ በአንድ ቃል ይዟል። ቃሉ ወሰንም አለው። ዘመናዊው ኬሚስትሪ ሪዳክሽንን በኤሌክትሮን ልውውጥ ይተረጉመዋል፤ በዚያ ትርጉም ሪዳክሽን የደረሰበት አካል ኤሌክትሮን ተቀባይ እንጂ ሰጪ አይደለም። ስለዚህ ስለ ባትሪ ወይም ስለ ኤሌክትሮላይት ሲጻፍ ሪዳክሽን የሚለውን እንዳለ መተው ይሻላል። ምድጃና ማዕድን ባለበት ሁሉ ግን ነጠቃ በቂ ነው።

ማቅለጥ እና ነጥቆ ማቅለጥ

ከዚሁ ጋር አንድ ሌላ ልዩነት መቀመጥ ይኖርበታል። አማርኛ ለሁለት የተለያዩ ሥራዎች «ማቅለጥ» በሚል አንድ ቃል ይጠቀማል። ንጹሕ ብረትን በሙቀት ፈሳሽ ማድረግ ማቅለጥ ነው፤ ከድንጋይ ብረት ማውጣትም ማቅለጥ ይባላል። በኬሚስትሪ ዓይን ግን የመጀመሪያው የመልክ ለውጥ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው የማንነት ለውጥ ነው። ሁለተኛውን «ነጥቆ ማቅለጥ» ማለት ግርታውን ያስቀራል።

ልዩነቱን ለማየት ከተክለ ሃይማኖት ብዙም ሩቅ ወዳልሆነው ቴዎድሮስ አደባባይ መሄድ ይቻላል። እዚያ የቆመው የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ነው። ዋናው መድፍ፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው፣ ደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት ተሠርቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። የጋፋት ሠራተኞች ያደረጉት አስቀድሞ ብረታ ብረት የነበረን ነገር አቅልጠው ወደ ቅርጽ ማፍሰስ ነበር። በዚህ ትርጉም ጋፋት ማቅለጫ ናት።

ዛሬ በአቃቂ ቃሊቲ፣ በዱከምና በቢሾፍቱ ያሉ የብረት ፋብሪካዎችም በአብዛኛው በዚሁ ተርታ ይገኛሉ። ከውጭ የሚገባ ቢሌት (ገና ያልተዳመጠ የብረት ዘንግ) አሙቀው ይዳምጣሉ፤ ወይም በአገር ውስጥ የተሰበሰበ ቁርጥራጭ በኤሌክትሪክ ምድጃ ያቀልጣሉ። የቁርጥራጩ ጉዞ ቁራሌው ከየቤቱ ከሚለቅመው ዕቃ፣ በሱማሌ ተራ ከተፈታታው መኪና ሊጀምር ይችላል። ምናለሽ ተራ ያሉት ባለሙያዎች ደግሞ በርሜልና ላሜራ ቆርጠው፣ ቀጥቅጠው ምድጃና መሣሪያ ያወጣሉ፤ እነርሱ ማቅለጥም አያስፈልጋቸውም። በዚህ ሁሉ ሰንሰለት ውስጥ ነጠቃው የተፈጸመው ከዓመታት በፊት፣ በሌላ አገር፣ በሌላ ምድጃ ነው።

ነጥቆ ማቅለጥ ግን ለኢትዮጵያ እንግዳ ሥራ አይደለም። በደቡብ ኦሞ የዲሜ ብረት ሠሪዎች የብረት ድንጋይ ከከሰል ጋር ምድጃ ውስጥ እያነባበሩ፣ በወናፍ እየነፉ ብረት ያወጡ እንደነበር ተመራማሪዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መዝግበዋል። በወለጋም ቱምቱ የሚባሉት ባለ እጆች በዚሁ ሙያ ይታወቁ ነበር። ከውጭ የሚገባ ብረትና ቁርጥራጭ እየረከሰ ሲመጣ ምድጃዎቹ ተራ በተራ ቀሩ፤ ቀጥቃጩ መቀጥቀጡን ቀጠለ፤ ከድንጋይ ማውጣቱ ግን ቆመ።

በእነዚህ ምድጃዎች ከሰሉ ሁለት ሥራ ነበረው። ሲነድ ሙቀት ይሰጣል፤ አየሩ አንሶት ሲነድ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ፣ ቤት ውስጥ ሲታፈን ሰው የሚገድለው ያው ጋዝ፣ በድንጋዩ ቀዳዳዎች እየገባ ኦክስጅኑን ይዞ ይወጣል። ብረቱ እንደ ውሃ አይፈስም፤ የብረት መቅለጫ 1538 ዲግሪ ሴልሽየስ ነው፣ የጭቃ ምድጃ ግን ከዚያ በታች ነው የሚሠራው። የሚፈሰው ከማዕድኑ ጋር የነበረው ድንጋያማ ክፍል ነው። እርሱ ቀልጦ ሲወርድ ብረቱ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያም እየተቀጠቀጠ ይጠራል። በባለሙያ ቋንቋ የቀለጠው ድንጋያማ ክፍል «ስላግ» ይባላል። ኋላ እንደሚታየው፣ ታይታኒየም ባለበት ማዕድን ውስጥ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው ስላጉ ዘንድ ነው።

የኦክስጅን ጨረታ

ካርቦን ከብረት የነጠቀውን ከታይታኒየም ለምን አይነጥቅም? ነገሩን እንደ ጨረታ ማየት ይቻላል። ተጫራቾቹ ብረት፣ ካርቦን፣ ታይታኒየምና ማግኒዥየም ናቸው፤ ኦክስጅን ከፍ ያለ ዋጋ ላቀረበው ይሄዳል። ዋጋው የሚቆጠረው በኃይል ነው፤ አንዱ አካል ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ የሚለቀቀው ኃይል በበዛ ቁጥር የያዘውን አጥብቆ ይዟል ማለት ነው። የጨረታው ልዩ ጠባይ ዋጋ ከሙቀት ጋር መለዋወጡ ነው። ሙቀት ሲጨምር የብረት ነክ ተጫራቾች አቅም ይወርዳል። የካርቦን ግን ይጨምራል፤ ጠጣሩ ካርቦን ወደ ጋዝነት ስለሚለወጥ ሙቀቱ ለእርሱ ያደላለታል።

እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃሮልድ ኤሊንግሃም እ.ኤ.አ. በ1944 ይህን የዋጋ ዝርዝር በአንድ ሥዕል አስቀመጠው፤ ዛሬም የብረታ ብረት ምሕንድስና ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው የኤሊንግሃም ሥዕል ነው። በሥዕሉ የካርቦን መስመር የብረትን የሚያቋርጠው ከ700 ዲግሪ ብዙም ሳይርቅ ነው። ከሰልና ወናፍ ለብረት የበቁት በዚህ ምክንያት ነው። የታይታኒየምን መስመር ለማቋረጥ ግን ሙቀቱ ወደ 1700 ዲግሪ መጠጋት አለበት።

እዚያ ቢደረስም የሚገኘው ታይታኒየም አይደለም። ከኦክስጅን የተላቀቀ ታይታኒየም በዙሪያው ያለውን ካርቦን ወዲያው ይይዝና ታይታኒየም ካርባይድ ይሆናል። ይህ ውህድ መፈጠር የሚጀምረው ከ1700 ዲግሪ እጅግ ባነሰ ሙቀት ነው፤ ለመቅለጥ ግን ከ3000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ሙቀት በየትኛውም የብረት ምድጃ ውስጥ የለም። ስለዚህ ካርባይዱ በቀለጠው ስላግ ውስጥ እንደ ደቃቅ አሸዋ ተንሳፍፎ ይቀራል፤ ስላጉም ይወፍራል፣ አይወርድም፣ የምድጃው ሆድ ይደፈናል።

ብረት አቅላጮች ታይታኒየም ያለበትን የብረት ማዕድን ለብዙ ዘመን የሸሹት ለዚህ ነው። በኒውዚላንድ ሰሜናዊ ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ የባሕሩ አሸዋ ራሱ ጥቁር የብረት ማዕድን ነው፤ ስምንት በመቶ ያህል ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ይዟል። ሰፋሪዎች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ሞከሩት፤ በተለመደው ረጅም ምድጃ (ብላስት ፈርነስ) አልሆነላቸውም። መፍትሔው የተገኘው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ግሌንብሩክ ላይ ነው። እዚያ አሸዋው ከድንጋይ ከሰል ጋር በሚሽከረከር ረጅም ሲሊንደር ውስጥ እስከ 1000 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፤ ነጠቃው ምንም ሳይቀልጥ፣ በጠጣርነቱ ይካሄዳል። ማቅለጡ በቀጣዩ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይከተላል። ሁለቱ ሥራዎች ሲነጣጠሉ ስላጉ ካርባይድ ለመሥራት የሚያገኘው ጊዜና ካርቦን ያንሳል። በደቡብ አፍሪካ ዊትባንክ የነበረው ሃይቬልድ ስቲልም የቡሽቬልድን ታይታኒየማም ማዕድን በተመሳሳይ መንገድ እየሠራ፣ ከብረቱ ጋር ቫናዲየም ያወጣ ነበር።

ቻይናውያን ሌላ መንገድ መረጡ። በሲቹዋን ግዛት፣ ፓንዢሁዋ፣ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ማዕድን በረጅሙ ምድጃ ነጥቀው ያቀልጣሉ። ከስላጋቸው ውስጥ ከ20 እስከ 25 በመቶው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። ይህ የሚሆነው ሙቀቱ ከሚገባው በላይ እንዳይወጣ፣ ነጠቃውም ከብረቱ አልፎ ወደ ታይታኒየሙ እንዳይሻገር ነቅቶ በመጠበቅ ነው።

የሚገርመው፣ ያው ችግር በሌላ ቦታ መድኃኒት ሆኗል። ታይታኒየም በሌለበት ማዕድን የሚሠሩ አንዳንድ ፋብሪካዎች የምድጃቸው የታችኛው ግድግዳ ሲሳሳ ሆን ብለው ጥቂት ኢልሜናይት ይጨምራሉ። የማይቀልጠው ካርባይድ በተበላው ግድግዳ ላይ ይጋገርና የምድጃውን ዕድሜ ያራዝማል።

መራጭ ነጠቃ

ግሌንብሩክና ፓንዢሁዋ የሚፈልጉት ብረቱን ነው፤ ታይታኒየሙ ሥራቸውን የሚያከብድ ተጓዥ ነው። ኢልሜናይት የሚያቀልጡት ፋብሪካዎች ሒሳቡን ይገለብጡታል። የእነርሱ ዋና ምርት ስላጉ ነው።

በካናዳ ኩቤክ፣ ሶሬል በተባለች ከተማ፣ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ኢልሜናይት ያለበት ማዕድን ከደቃቅ ከሰል ጋር በኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ እስከ 1650 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይሞቃል። ካርቦኑ ከብረቱ ኦክስጅኑን ይነጥቃል፤ ብረቱ ቀልጦ ከታች ይቀመጣል። ታይታኒየሙ ኦክስጅኑን እንደያዘ ከላይ ባለው ስላግ ውስጥ ይከማቻል። ሲቀዳ ሰማንያ በመቶ ያህሉ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ይሆናል። የደቡብ አፍሪካው ሪቻርድስ ቤይ ከባሕር ዳርቻ አሸዋ በተለየ ኢልሜናይት 85 በመቶ ገደማ ያደርሰዋል። አንዱን ነጥቆ ሌላውን የሚተው ይህ ሥራ «መራጭ ነጠቃ» ሊባል ይችላል።

ምርጫው ፍጹም አይደለም፤ ፍጹም እንዲሆንም አይፈለግም። ከታይታኒየሙ የተወሰነው ክፍል ኦክስጅኑን በከፊል ያጣል፤ ይህ «ከፊል ነጠቃ» ነው። በሌላ በኩል ብረቱ ሙሉ በሙሉ ከስላጉ እንዲወጣ ቢደረግ የቀረው ስላግ ለመቅለጥ እጅግ ከፍ ያለ ሙቀት ስለሚጠይቅ ይረጋል። የሶሬል ባለሙያዎች በስላጉ ውስጥ አሥር በመቶ ገደማ የብረት ኦክሳይድ የሚተዉት እንዲፈስላቸው ነው። ምድጃውንም ከዚህ ስላግ የሚያድነው ጡብ የለም፤ የነካውን ጡብ ሁሉ ያሟሟል። ስለዚህ ግድግዳውን ከውጭ ያቀዘቅዙታል፤ ከስላጉ ራሱ ጥቂቱ ግድግዳው ላይ ይረጋና የቀረውን ይሸከማል።

ከዚህ በኋላ ስላጉ በአሲድ ወይም በክሎሪን ይጠራና ነጩ ዱቄት ይገኛል። በዓለም ከሚመረተው የታይታኒየም ማዕድን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚውለው ለዚህ ዱቄት ነው፤ ለቀለም፣ ለፕላስቲክና ለወረቀት። የአውሮፕላን ሞተርና የተሰበረ አጥንት መያዣ የሚሠራበት ብረታማው ታይታኒየም ትንሽ ድርሻ ብቻ ነው የሚይዘው።

ታይታኒየምን ራሱን ለማውጣት ካርቦን ስለማይሆን ጠንካራ ነጣቂ ማምጣት ያስፈልጋል። የሉክሰምበርጉ ተወላጅ ዊልያም ክሮል ያገኘውና እ.ኤ.አ. በ1940 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው ዘዴ ዛሬም ዋናው ነው። መጀመሪያ ማዕድኑ በክሎሪን ወደ ታይታኒየም ክሎራይድ ይለወጣል፤ ቀጥሎ የቀለጠ ማግኒዥየም ክሎሪኑን ይነጥቀዋል። ምርቱ እንደ ዲሜዎች ብረት ቀዳዳ በቀዳዳ ስለሆነ «ስፖንጅ» ይባላል። እዚህ ላይ የሚነጠቀው ኦክስጅን አይደለም፤ ነጣቂና ተነጣቂ የሚሉት ቃላት ግን ሳይለወጡ ያገለግላሉ። ማግኒዥየሙ ውድ ነው፣ በአንድ ጊዜ የሚሠራውም የተወሰነ መጠን ብቻ ነው፤ ታይታኒየም በምድር ውስጥ ብርቅ ሳይሆን በገበያ ውድ የሆነው ለዚህ ነው።

ነጣቂው ሃይድሮጅንም ሊሆን ይችላል። ስዊድን ውስጥ ሃይብሪት የተባለው ፕሮጀክት በሃይድሮጅን የተነጠቀ ብረት አውጥቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የመጀመሪያውን ብረት ለቮልቮ አስረክቧል። ካርቦን ነጣቂ ሲሆን የሚወጣው የካርቦን ጋዝ ነው፤ ሃይድሮጅን ሲሆን የሚወጣው ውሃ ነው።

ጊምቢ አጠገብ ያለው ድንጋይ

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ ያልሆነው በምዕራብ ወለጋ፣ ጊምቢ አካባቢ ባለው የቢቂላል ክምችት የተነሳ ነው። ድንጋዩ ጋብሮ የሚባል ጥቁር የእሳተ ገሞራ ዘመድ ነው፤ ከምድር ሥር ቀስ ብሎ የረጋ። በውስጡ ሦስት ተፈላጊ ማዕድናት ተቀላቅለዋል፦ ብረት የሚሰጠው ማግኔታይት፣ ብረትና ታይታኒየም የያዘው ኢልሜናይት፣ ፎስፈረስ ያለበት አፓታይት። በደቡብ ኦሮሚያ የሚገኘው መልካ አርባም የዚሁ ቤተሰብ ነው። በጎረቤት ኬንያ፣ ክዋሌ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2024 ኢልሜናይት ከአሸዋ እየተለየ ወደ ውጭ ይላክ ነበር፤ ነጠቃው ግን የሚካሄደው በገዢዎቹ አገር ነበር።

ቢቂላልን ከክዋሌው አሸዋ የሚለየው ሦስቱ ማዕድናት በአንድ ጠንካራ ዓለት ውስጥ መሆናቸው ነው። አፓታይቱ ለአፈር ማዳበሪያ የሚሆን ፎስፌት ይሰጣል፤ ይህ ክምችቱን ለገበሬ አገር ተፈላጊ ያደርገዋል። ምድጃ ውስጥ ሲገባ ግን ጠላት ነው። በረጅሙ ምድጃ ሙቀት ካርቦን ከፎስፈረስም ኦክስጅኑን ይነጥቃል፤ ፎስፈረሱ ወደ ብረቱ ይገባና ብረቱን በቅዝቃዜ ጊዜ ተሰባሪ ያደርገዋል። እንደ ታይታኒየም ከስላጉ ጋር አይቀርም። መራጭ ነጠቃ ታይታኒየምን ከብረት ይለያል፤ ፎስፈረስን ግን ለመለየት አቅም የለውም።

ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል ከምድጃው በፊት ይወሰናል። ድንጋዩ ይፈጫል። ማግኔታይቱን ማግኔት አጥብቆ ስለሚስበው ቀድሞ ይወጣል፤ ኢልሜናይቱን ለመሳብ ብርቱ ማግኔት ያስፈልጋል። አፓታይቱን ማግኔት ስለማይነካው በኬሚካልና በአረፋ እንዲንሳፈፍ ተደርጎ ይለያል። ኢልሜናይቱ ለብቻው ከተገኘ መንገዱ የሶሬል ነው፦ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ደቃቅ ከሰልና ብዙ የማያቋርጥ ኃይል። ማግኔታይቱ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። እንዲህ ባለ ድንጋይ ውስጥ ታይታኒየም በማግኔታይቱ ቅንጣት ውስጥ ራሱ በቀጭን ክር መልክ ተሰራጭቶ ሊገኝ ይችላል፤ እርሱን ለመለየት ያን ያህል ደቃቅ አድርጎ መፍጨት አያዋጣም። በማግኔት ተስቦ በተለየው ክምር ውስጥ የሚቀረው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ጥቂት ከሆነ የተለመደው ምድጃ ይበቃዋል፤ ከበዛ ግን ጠጣሩን መጀመሪያ ነጥቆ ኋላ የሚያቀልጠውን የግሌንብሩክን፣ ወይም ሙቀቱን በልጓም የሚይዘውን የፓንዢሁዋን ዘዴ ይጠይቃል።